ከሥራ ባልደረባ ጋር ሲጋጩ የትኛው መንገድ ያዋጣል? ንግግር፣ ሽምግልና፣ አቤቱታ ወይስ ክስ

ቢሮ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሆድና ጀርባ ሲሆኑ መካሪ አይጠፋም። አንዱ «ናቀውና ሥራህን ሥራ» ይላል፤ ሌላው «በሽማግሌ ጨርሱት»፤ ሦስተኛው «ማመልከቻ አስገባ፣ በጽሑፍ ይያዝ» እያለ ያሟሙቃል። ሁሉም የሚመክረው የለመደውን መንገድ ነው፤ ግጭቱ ስለምን እንደሆነ አስቀድሞ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዚህ የተነሳ የሥራ ድርሻ ጥያቄ በይቅርታ ተሸፍኖ ከወር በኋላ እንደገና ይፈነዳል፤ የተቀየመ ሰው ደግሞ ማኅተም ባለው ደብዳቤ ሆዱ እንዲሽር ይጠበቃል።

እዚህ የማወዳድራቸው መንገዶች በዋናነት ኢትዮጵያ ውስጥ በግል ድርጅት ተቀጥሮ ለሚሠራ ሰው ናቸው። ሕጉን በተመለከተ የምጠቅሰው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ፣ የራሳቸው የዲሲፕሊንና የቅሬታ ኮሚቴ እንዲሁም የአስተዳደር ፍርድ ቤት አላቸው። የሥራ መሪ የሆኑ፣ ማለትም ሠራተኛ የመቅጠርና የማሰናበት ወይም የድርጅቱን አመራር የመወሰን ሥልጣን ያላቸው ተቀጣሪዎችም ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው፤ ስለዚህ «ሥራ አስኪያጅ» የሚል መጠሪያ ያለው ሰው ከመራመዱ በፊት በየትኛው ሕግ እንደሚዳኝ ማጣራት አለበት። የቤት ሠራተኞችም እንዲሁ በአዋጁ አይሸፈኑም።

## አስቀድሞ መመዘኛዎቹ

የነገሩ ዓይነት። የቢሮ ጠብ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው የሥራ ነው፦ ማን ምን ይሥራ፣ ፈረቃው እንዴት ይደልደል፣ የተሠራው በማን ስም ይቅረብ። ሁለተኛው የክብር ነው፦ አሽሙር፣ ሐሜት፣ ሰላምታ መንፈግ፣ በሰው ፊት ማዋረድ። ሦስተኛው የመብት ነው፦ ድብደባ፣ ፆታዊ ትንኮሳ፣ ደመወዝ መያዝ፣ ያለ አግባብ መቀጣት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲደባለቁ አንድ ጥያቄ ይለያቸዋል፦ ያ ሰው ነገ ለቆ ሌላ ቢተካ ችግሩ ይቀጥላል? የሚቀጥል ከሆነ ጠቡ ከሰውየው ጋር ሳይሆን ከአሠራሩ ጋር ነው። ስንት ሰው በአንድ የመጋዘን ቁልፍ አያያዝ የተነሳ ተቀያይሟል፤ ቁልፉን የሚረካከቡበት መዝገብ ቢኖር ኖሮ ወዳጅ ሆነው ይኖሩ ነበር።

የሥልጣን ርቀት። እኩያ ከእኩያው ጋር ሲጋጭና ሠራተኛ ከቅርብ አለቃው ጋር ሲጋጭ መንገዱ አንድ አይሆንም። ዕድሜም እኛ ዘንድ የራሱ ሥልጣን አለው፤ የ28 ዓመት ኃላፊና የ55 ዓመት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ሲጋጩ ማን ከማን በላይ እንደሆነ በመዋቅሩ ብቻ አይታወቅም።

ምስጢር። ነገሩ ስንት ጆሮ ይደርሳል?

መመለስ መቻሉ። በቃል የተነገረ ነገር በቃል ይመለሳል። በደብዳቤ የገባ አቤቱታ ግን ቢተዉትም ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል። እኔ ከሁሉም የማስበልጠው መመዘኛ ይህ ነው።

ጊዜና ወጪ። ወጪ ሲባል ጠበቃ ብቻ አይደለም፤ ከሥራ የሚቀሩበት ቀን፣ የሚያጡት እንቅልፍና የሚቆራረጥ ግንኙነትም አለ። ጊዜ ሲባል ደግሞ ሕጉ ያስቀመጠው የጊዜ ገደብም ይታሰባል፤ ወደኋላ እመጣበታለሁ።

## ፊት ለፊት መነጋገር

ለእኩዮችና ለሥራ ጉዳይ ከዚህ የሚበልጥ መንገድ የለም፤ ወጪ የለውም፣ ምስጢር ይጠብቃል፣ ካልተሳካም ሌሎቹ በሮች ክፍት ናቸው። ሆኖም በጣም የምንሸሸው ይኼንኑ ነው። ፊት ለፊት መናገር እንደ ድፍረት ስለሚቆጠር ነገሩ በአሽሙር ይወጣል፣ በሦስተኛ ሰው በኩል ይላካል፣ ወይም ወደ ኩርፊያ ይገባል። ትናንት «አንተ» ይባባሉ የነበሩ ሁለት ባልደረቦች ዛሬ «እርስዎ» ከተባባሉ ነገር እንዳለ ቢሮው ሁሉ ያውቃል።

ንግግሩን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ አጀማመሩ ነው። «አንተ ሁሌም እኔን ማሳጣት ትወዳለህ» ብለው ከጀመሩ ሰውየው ስለ ጠባዩ ይከራከራል እንጂ ስለ ሥራው አያወራም። እንዲህ ቢሉት ግን የሚይዘው ነገር ያገኛል፦ «ሰኞ ስብሰባ ላይ ሪፖርቱ የዘገየው በእኔ ምክንያት እንደሆነ ተናግረሃል። አኃዙ ከአንተ የደረሰኝ ዓርብ ማታ ነበር። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ረቡዕ ብትልክልኝ ሁለታችንም አንወቀስም።» ቀን፣ የሆነው ነገር፣ ጥያቄ፤ በቃ።

ከትልቅ ሰው ጋር ይህ አነጋገር እንዳለ አይሠራም። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ፈልጌ ነበር፤ ዕቃ ሲወጣ ፊርማው ስለሚቀር ሒሳብ ክፍል እኔን ይጠይቀኛል፤ እንዴት ብናደርገው ይሻላል?» ማለት ፍርሃት ወይም ማስመሰል የሚመስላቸው አሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም። ጥያቄው አልተለወጠም፤ ሰውየው ክብሩን ሳያጣ የሚያስተካክልበት በር ብቻ ተከፈተለት። አለቃው ወጣት፣ ሠራተኛው አዛውንት ሲሆኑ ደግሞ በሠራተኛ ፊት ከመገሠጽ ይልቅ በሩን ዘግቶ ማነጋገር የግድ ነው።

ቦታና ሰዓትም ይመረጣል። ቡና ለመጠጣት አንድ ላይ መውጣት ከቢሮ ጠረጴዛ ይሻላል፤ ምሳ ሰዓት ሰው የሞላበት ካፍቴሪያ ግን አይሆንም። የሥራ ክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ከሁሉም የባሰ ቦታ ነው፤ እዚያ የተጻፈ መልስ ለሰውየው ሳይሆን ለተመልካች ይጻፋል፣ ስክሪንሾቱም ይቀራል።

ማስፈራራት፣ መምታት ወይም ትንኮሳ ካለ ብቻዎን ገብተው ለመነጋገር አይሞክሩ።

## ሽምግልና

ሁለቱም የሚያከብሩት ሰው አስቀምጦ ያነጋግራቸዋል፣ ወቀሳውን ያዳምጣል፣ ጥፋተኛው ይቅርታ ይጠይቃል፣ ይሳሳማሉ። ለክብር ጠብ ይህን የሚያህል መድኃኒት የለም። ኩርፊያ ከጀመረ ቆይቶ ማን መጀመሪያ ሰላም ይበል የሚለው ራሱ ጠብ በሆነበት ጊዜ፣ አስታራቂው ለሁለቱም ሰበብ ይሆንላቸዋል፤ «ጋሽ እገሌን አክብሬ ነው» ብሎ እጅ መዘርጋት ይቻላል። በዓልም እንዲሁ ይረዳል። ለፋሲካ ወይም ለዒድ የተላከ የመልካም ምኞት መልእክት ስንቱን ዝምታ ሰብሯል።

ድክመቱ ግን ቀላል አይደለም። ሽማግሌ የሚፈልገው ሰላም ነው፤ እውነቱን እስከ መጨረሻው ማጣራት ሥራው አይመስለውም። «በቃ፣ ሁለታችሁም አጥፍታችኋል፣ ይቅር ተባባሉ» ሲባል ጫናው የሚያርፈው በዕድሜ ትንሽ፣ በደረጃ ዝቅተኛ ወይም ሴት በሆነችው ላይ ነው። እንቢ ያለ ሰው ደግሞ ከጥፋተኛው በላይ ይወቀሳል፤ «ሽማግሌ የናቀ» ይባላል። ስለዚህ ፆታዊ ትንኮሳ፣ ድብደባና የገንዘብ ጉድለት በቢሮ ሽምግልና መያዝ የለባቸውም። ተበዳዩ ይጎዳል፣ ድርጅቱም ማወቅ የሚገባውን ሳያውቅ ይቀራል።

ሌላው ድክመት ቀደም ብዬ የነካሁት ነው፦ ዕርቅ ቂምን ያነሳል እንጂ ፈረቃ አይደለድልም። ተሳስመው የወጡ ሁለት የእንግዳ መቀበያ ሠራተኞች የቅዳሜ ተረኛው ማን እንደሆነ ካልተወሰነ ለሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ይጣላሉ። ጥሩ አስታራቂ ከይቅርታው በኋላ «እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ማን ምን ያደርጋል?» ብሎ ይጠይቃል፤ እሱ ካልጠየቀ እርስዎ ይጠይቁ። አስታራቂ ሲመርጡም ከሁለቱም የሥራ ክፍል ውጭ የሆነ፣ ከአንደኛው ጋር በአገር ልጅነት፣ በዕቁብ ወይም በብድር ያልተሳሰረና ወሬ የማያመላልስ ሰው ይፈልጉ። የአንደኛው አለቃ የሆነ ሰው አስታራቂ መሆን የለበትም፤ እሱ የሚሰጠው ምክር ትእዛዝ ሆኖ ይሰማል።

## ለቅርብ አለቃ መንገር

ለሥራ ጠብ ትክክለኛው በር ነው፤ ድርሻ የመደልደል ሥልጣን ያለው እሱ ነውና። ለክብር ጠብ ግን እምብዛም አይረዳም። አለቃ ፊት «አኩርፎኛል» ብሎ መቅረብ ሁለቱንም ሕፃን ያስመስላል።

ነገር አመላላሽ ከመባል የሚያድን አንድ ልማድ አለ፦ ክስ ሳይሆን ሐሳብ ይዞ መግባት። «እገሊት አትሠራም» ከማለት ይልቅ «የደንበኛ ደብዳቤ ለሁለታችንም ስለሚመራ አንዳንዱ ሳይመለስ ይቀራል፤ ለእኔ የአዲስ አበባው፣ ለእሷ የክልሉ ቢመራልን» ይበሉ። እሷም ባለችበት ቢነገር ይመረጣል።

አለቃው ራሱ የጠቡ ተካፋይ ሲሆን ወደ በላዩ መሄድ ይቻላል፤ ግን የበላዩ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለእሱ ነግረኸዋል?» የሚለውን ነው። መልሱ አዎ መሆን አለበት፤ ነገሩ ትንኮሳ ወይም ሙስና ካልሆነ በስተቀር።

## የጽሑፍ አቤቱታ ለሰው ሀብት ክፍል

ከዚህ በኋላ ነገሩ ማኅደር አለው። የሰው ሀብት ክፍል የሚሠራው ለድርጅቱ መሆኑን መርሳት የለብንም። ክፋት ስላለው አይደለም፤ ሥራው የድርጅቱን ደንብ ማስከበር ነው። የነገሩትን ሁሉ በምስጢር ይይዛል ማለትም አይቻልም፤ ቅሬታ የቀረበበት ሰው መልስ እንዲሰጥ ይጠየቃልና።

ለመብት ጉዳይና ለተደጋገመ ጥፋት ዋናው መንገድ ይኸው ነው። አጻጻፉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ሲባል ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን ቅያሜ ሁሉ መዘርዘር የሚመስለው አለ። የሚያስፈልገው ቀኑ፣ ቦታው፣ የተባለው ወይም የተደረገው ነገር ቃል በቃል፣ ያየ ሰው ካለ ማንነቱ፣ በመጨረሻም የሚጠይቁት እርምጃ ነው። «ምግባረ ብልሹ»፣ «ሰላም የሚነሳ» የመሳሰሉት ቅጽሎች ይውጡ። መዝገብ ቤት ገቢ አድርገው ቁጥርና ቀን ያስመቱበት፣ ኮፒውን ቤትዎ ያኑሩ። ግልባጭ ደግሞ በልክ ይሁን። «ግልባጭ፦ ለሚመለከታቸው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ አንባቢው ሁሉ እኔን አይመለከተኝም እንዲል ያደርገዋል፤ ጠቡንም ከሁለት ሰው ወደ ሕንፃው ሁሉ ያሻግረዋል።

የጊዜ ገደቦቹ እዚህ ላይ ይመጣሉ። በሥራ ቦታ ለተነሳ አምባጓሮ ወይም ጠብ ተጠያቂ የሆነን ሠራተኛ እንደ ጥፋቱ ክብደት አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይችላል። ይህን ማድረግ የሚችለው ግን ምክንያቱን ካወቀ በኋላ ባሉት 30 የሥራ ቀናት ውስጥ ነው። «እሱ ነው የጀመረው» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ስለማያድን፣ ቡጢ ሲቃጣ ክብርን ውጦ ከቦታው መራቅ ያዋጣል። በሠራተኛው በኩል ደግሞ አሠሪው ሰብዓዊ ክብሩን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመበት፣ ወይም ከአሠሪው ወይም ከሥራ መሪው ፆታዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ከደረሰበት ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል፤ ይህ መብት በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀሙበት ይቀራል። ሽማግሌ ሲመጣና ሲሄድ ቀኑ እንደሚቆጠር ልብ ይሏል።

## ሠራተኛ ማኅበር

አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ካለ፣ ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር የተዋዋለውን የኅብረት ስምምነት ያንብቡ፤ የቅሬታ አቀራረብና የዲሲፕሊን ሥርዓት በአብዛኛው እዚያ ውስጥ አለ። ከአለቃ ጋር ለተነሳ ጠብ ማኅበሩ ብርቱ ጀርባ ነው። ሁለት አባላት እርስ በርስ ሲጣሉ ግን ማኅበሩ ራሱ መሐል ይቸገራል፤ ከሽምግልና የዘለለ አይጠብቁ።

## ፍርድ ቤት

«እከሰዋለሁ» ማለት ይቀላል፤ ነገር ግን የሥራ ክርክር ችሎት ኩርፊያና አሽሙር አይዳኝም። የሚያየው የዲሲፕሊን እርምጃን፣ ከሥራ መሰናበትን፣ ደመወዝና የሥራ ሰዓትን፣ ፈቃድን፣ የሥራ ልምድ ማስረጃንና በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳትን ነው። ጠቡ ከእነዚህ አንዱን ካላስከተለ የሚከፈት መዝገብ የለም። ካስከተለ ግን ፈጥነው ይሂዱ፦ ወደ ሥራ መመለስን የሚጠይቅ ክስ ከተሰናበቱበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሕጉ ችሎቱ በ60 ቀን እንዲወስን ይላል፤ ቀጠሮ ግን ሊረዝም እንደሚችል አስቡ። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው በየዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ያሉትን የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ይሞክር፤ ሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን።

ድብደባና ፆታዊ ጥቃት የወንጀል ጉዳይ ናቸው። ፖሊስ ጋ ለመሄድ የድርጅቱን ፈቃድ ወይም የሰው ሀብት ክፍልን ምርመራ መጠበቅ አያስፈልግም።

## ዝም ማለት፣ ክፍል መቀየር፣ መልቀቅ

ዝምታን እንደ ሽንፈት የሚያዩ አሉ። ሰውየው ከሁለት ወር በኋላ ጡረታ የሚወጣ ወይም ፕሮጀክቱ የሚያልቅ ከሆነ ግን ምርጡ ምርጫ ነው። ነገሩን በሆድ ይዞ ለሦስት ዓመት መቀመጥ ግን ሌላ ነው።

ክፍል መቀየር ለክብር ጠብ ጥሩ ነው፤ ማን ይቀየር የሚለው ግን አዲስ ጠብ ይወልዳል። ትንኮሳ የደረሰባት ሴት «ለአንቺ ሰላም ሲባል» ተብላ ከቦታዋ ስትነሳ ቅጣቱ በተበዳይዋ ላይ ሆነ ማለት ነው፤ እንቢ የማለት መብት አላት።

ለመልቀቅ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። በብስጭት ዕለቱን ጥሎ መውጣት ለአሠሪው የካሳ ጥያቄ በር ይከፍታል።

## ሠንጠረዥ

| መንገድ | የሚሻለው ለ… | የማይሆነው ለ… | ምስጢር | መመለስ | ጊዜና ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ፊት ለፊት ንግግር | እኩዮች፣ የሥራ ጠብ | ትንኮሳ፣ ማስፈራራት | ከፍተኛ | ይቻላል | አንድ ቡና |
| ሽምግልና | ኩርፊያ፣ የተነካ ክብር | የመብት ጥሰት፣ የሥራ ድርሻ | በአስታራቂው ይወሰናል | ይቻላል | ቀናት፣ ነጻ |
| የቅርብ አለቃ | ድርሻ፣ ፈረቃ፣ ግብዓት | የግል ቅያሜ | መካከለኛ | በከፊል | ቀናት፣ ነጻ |
| የጽሑፍ አቤቱታ | የተደጋገመ ጥፋት፣ መብት | የአንድ ቀን ንዴት | ዝቅተኛ | አይቻልም | ሳምንታት |
| ሠራተኛ ማኅበር | ከአለቃ ጋር ያለ ጠብ | የአባላት ጠብ | ዝቅተኛ | በከፊል | ሳምንታት፣ መዋጮ |
| ፍርድ ቤት | ስንብት፣ ቅጣት፣ ክፍያ | አሽሙር፣ ሐሜት | የለም | አይቻልም | ወራት፣ ጠበቃ ካለ ወጪ |
| መቀየር ወይም መልቀቅ | ተስፋ የሌለው ቦታ | በንዴት ለሚወሰን | ከፍተኛ | አይቻልም | የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ |

## ማን የትኛውን ይምረጥ?

የሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሠራተኛ። አዋጁ ለሙከራ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ «ለሥራው ተስማሚ አይደለም» ብሎ ማሰናበት ለአሠሪው ቀላል ነው። ፊት ለፊት መነጋገርን ይምረጡ፣ የሥራውን ነገር ብቻ ያንሡ፣ የክብሩን ነገር ያቆዩት። ትንኮሳ ከሆነ ግን የሙከራ ጊዜ ነው ብለው አይታገሡ።

ከእኩያ ጋር የሥራ ጠብ ያለው። ንግግር፤ ካልሆነ አለቃ። ሽማግሌ አያስፈልግም።

ከተኳረፉ የቆዩ። ሽምግልና፣ በዓል ሲመጣ መልእክት። የሥራ ጥያቄ ከሥሩ ካለ ዕርቁ በወረደ ማግስት ለአለቃ ያቅርቡት፤ ሁለቱም ልባቸው የሚለሰልሰው ያኔ ነው።

አለቃው የሚያዋርደው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተባለውን በግል ደብተር ይመዝግብ። ማኅበር ካለ ማማከር፣ ከዚያ የጽሑፍ አቤቱታ። በዚህ መሐል አለቃው በቃል የሰጠውን ትእዛዝ በኢሜይል «ባሉኝ መሠረት…» ብሎ ማረጋገጥ ይጠቅማል።

ትንኮሳ ወይም ድብደባ የደረሰበት። በቀጥታ የጽሑፍ አቤቱታና ፖሊስ። «በሽማግሌ እንጨርሰው» የሚል ሰው ከመጣ፣ ትልቅ ሰው ቢሆንም፣ በትሕትና እንቢ ይባላል። የሕክምና ማስረጃና መልእክቶች ሳይጠፉ ይያዙ።

በቤተሰብ ድርጅት ወይም በትንሽ ሱቅ የሚሠራ። የሰው ሀብት ክፍል የለም፤ የተጣሉት ሰው የባለቤቱ የአጎት ልጅ ሊሆን ይችላል። እዚህ ቤት አቤቱታ መጻፍ ከማስገልመጥ አያልፍም፤ ባለቤቱ የሚያከብረውን ሰው መላክ ይሻላል። ጎን ለጎን የሥራ ልምድ ማስረጃ ይጠይቁ። ሠራተኛ በጠየቀ ጊዜ ሁሉ፣ ሳይለቅም ቢሆን፣ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ወረቀት አሠሪው በነጻ መስጠት አለበት። ጠቡ ሳይከር «ለባንክ ነው» ብሎ የተወሰደ ወረቀት፣ ከተጣሉ በኋላ ከሚለመን ወረቀት ቶሎ ይፈረማል።